ተንሸራታች የፍሬን ካሊፐር፦ አሠራሩ፣ ብልሽቱና እንክብካቤው

በሃደራና በአካባቢዋ ለሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች መኪና የቅንጦት ዕቃ ሳይሆን የእንጀራ መሣሪያ ነው። ከተማዋ ከቴል አቪቭም ከሃይፋም 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በመካከል የምትገኝ በመሆኗ ሥራው በአንዱ፣ ዘመዱ በሌላው የሆነ ሰው ማለዳ ተነስቶ መንገድ 2ን ወይም መንገድ 4ን ይዞ ይጓዛል። ወደ አፉላ የሚሄደውም በመንገድ 65 ያልፋል። በእነዚህ መንገዶች ላይ ከፊት ያለው መኪና በድንገት ሲቆም የሚያድነን አንድ ነገር ፍሬናችን ነው።

ፍሬን ሲጮህ ሙሳክ ሄዶ ሸራ ማስቀየር የተለመደ ነው። ሸራው ተቀይሮ ከጥቂት ወራት በኋላ ያው ጩኸት ሲመለስ ግን ብዙ ሰው ‹‹ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ነው›› ብሎ እንደገና ሌላ ሸራ ይገዛል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሸራው ሳይሆን ሸራውን የሚይዘው የካሊፐር ነው። በተያዘ ካሊፐር ላይ አዲስ ሸራ ቢገጠም ገንዘቡ ይባክናል፣ ፍሬኑም እንደታመመ ይቀራል። ስለዚህ ስለ ካሊፐር ማወቅ ለመካኒክ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም። ለባለ መኪናውም ኪሱንና ሕይወቱን የሚመለከት ነው።

ካሊፐር ምንድን ነው?

የዛሬ አብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ቢያንስ የፊት እግራቸው ላይ የዲስክ ፍሬን አላቸው። ዲስኩ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ክብ ብረት ነው። በግራና በቀኙ ሁለት ሸራዎች አሉ፤ አንደኛው ከውስጥ በኩል (ወደ ሞተሩ)፣ ሁለተኛው ከውጭ በኩል (ወደ ቸርኬው)። እነዚህን ሁለት ሸራዎች አቅፎ ዲስኩን እንዲቆነጥጡ የሚያደርገው የብረት አካል ካሊፐር ይባላል። የቀጥቃጭን ጉጠት የሚያውቅ ሰው ሥራውን በቀላሉ ይረዳዋል። ጉጠት የጋለውን ብረት በሁለት ከንፈሩ እኩል ካልያዘው ብረቱ ያመልጣል። ካሊፐርም እንዲሁ ነው።

ካሊፐር ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ቋሚ ካሊፐር ሲሆን በሁለቱም ጎን ፒስተን አለው፣ ራሱ ግን አይንቀሳቀስም። ሁለተኛው ተንሸራታች ካሊፐር ነው። ይህኛው ፒስተን ያለው በአንድ ጎን፣ በውስጥ በኩል ብቻ ነው። ክብደቱ ቀላል፣ ዋጋው አነስተኛ፣ ቦታ የማይፈጅ በመሆኑ በአብዛኛው የቤት መኪና ላይ የምናገኘው ይህን ነው። የዲስክ ፍሬን በሰፊው የታወቀው በ1953 ጃጓር የሌ ማንን ውድድር በዲስክ ፍሬን ካሸነፈ በኋላ ነው። በ1955 የወጣችው ሲትሮኤን ዲ.ኤስ ደግሞ ለተራው ሕዝብ ከተሸጡት ቀደምት ባለ ዲስክ ፍሬን መኪናዎች አንዷ ናት።

እንዴት ይሠራል?

ፔዳሉን ስንረግጥ የፍሬን ዘይቱ በቱቦው በኩል ወደ ካሊፐሩ ይገፋል። ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋዋል፣ ፒስተኑም የውስጡን ሸራ ከዲስኩ ጋር ያጣብቀዋል። እስከዚህ ድረስ የሠራው አንድ ሸራ ብቻ ነው። ዲስኩ ወደ ጎን ስለማይሸሽ ፒስተኑ ከዚህ በላይ ወደፊት መሄድ አይችልም። በዚህ ጊዜ የዘይቱ ግፊት የካሊፐሩን አካል ወደ ኋላ፣ ማለትም ወደ መኪናው ውስጥ ይገፋዋል። ካሊፐሩም በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የውጭውን ሸራ ይጎትትና በዲስኩ ሌላኛው ፊት ላይ ያሳርፈዋል። ያን ጊዜ ሁለቱም ሸራዎች በእኩል ጉልበት ይቆነጥጣሉ።

ፔዳሉን ስንለቅስ? ፒስተኑን የሚከበው ወፍራም የጎማ ቀለበት አለ። ፒስተኑ ወደፊት ሲሄድ ቀለበቱ በትንሹ ይጠማዘዛል፤ ግፊቱ ሲቀር ወደ ቅርጹ እየተመለሰ ፒስተኑን ይዞት ይመለሳል። የሚመልሰው ርቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ካሊፐሩም በፒኖቹ ላይ ላላ ብሎ የውጭውን ሸራ ይለቀዋል።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ተንሸራታች ካሊፐር በሙሉ ኃይሉ የሚይዘውም፣ በሙሉ የሚለቀውም ሲንሸራተት ብቻ ነው። ፒኖቹ ከደረቁ ወይም ከዛጉ መኪናው በግማሽ ፍሬን ይሄዳል፣ ወይም ፍሬን እንደያዘ ይሄዳል።

ካሊፐር ለምን ይያዛል?

እያንዳንዱ ፒን በራሱ ቀዳዳ ውስጥ በግራሶ ተቀብቶ ይቀመጣል። ውሃና አቧራ እንዳይገባ ጫፉ ላይ የጎማ ልብስ (ጎሚኒ) ይደረግለታል። ይህ ጎሚኒ ከሙቀትና ከዕድሜ የተነሳ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ሸራ ሲቀየር በጥንቃቄ ጉድለት ይቀደዳል። ከዚያ በኋላ ውሃ ይገባል፣ ግራሶው ይታጠባል፣ ፒኑም ይዝጋል።

ሃደራ ላይ ለዚህ የሚያግዙ ነገሮች አሉ። ከተማዋ ባሕር ዳር ናት፤ በተለይ በጊቭዓት ኦልጋ መኪናው ሌት ተቀን ጨዋማ አየር ይነፍስበታል። ጨው ዝገትን ያፋጥናል። ከባሕሩ ዳርቻ የሚነሳው አሸዋም በሸራውና በማቀፊያው መካከል ይገባል። ክረምቱ ዝናባማ ነው። ብዙ ሳይነዳ ቆሞ የሚውል መኪና ደግሞ ከሚነዳው ይልቅ ቶሎ ይያዛል፤ ምክንያቱም ዕቃው ካልተንቀሳቀሰ ዝገቱ ሥር ይሰዳል። ስለዚህ ‹‹ብዙ ስለማልነዳ ፍሬኔ ደህና ነው›› ማለት ትክክል አይደለም።

ምልክቶቹ ምንድን ናቸው?

የሚከተሉትን ያየ ወይም የሰማ ሰው ካሊፐሩን ማስመርመር ይኖርበታል፦

1. ፍሬን ሲይዙ መሪው ወደ አንድ ጎን ይስባል። ከፊት ሁለት ካሊፐሮች አንዱ በሙሉ ጉልበት ካልያዘ መኪናው የሚሳበው ደህና ወደ ሆነው ጎን ነው።

2. ፍሬን ሳይረገጥም መኪናው ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ይህ ካሊፐሩ አልለቅ ማለቱን ሊያመለክት ይችላል። የሚሳበውም ወደ ተያዘው ጎን ነው። የጎማ ነፋስ ማነስም ተመሳሳይ ምልክት ስላለው አስቀድሞ ነፋሱን መለካት ይገባል።

3. ከጉዞ በኋላ አንደኛው ቸርኬ ከሌላው በጣም ይሞቃል፣ የተቃጠለ ሽታም አለው። በእጅ ከመንካት ይልቅ መዳፍን በቅርብ ርቀት አስጠግቶ ሙቀቱን ማነጻጸር ይበቃል። የተያዘ ፍሬን ቆዳ ያቃጥላል።

4. አንዱ ቸርኬ ላይ ከሌሎቹ የበለጠ ጥቁር ብናኝ ይከማቻል።

5. መኪናው ይከብዳል፣ ነዳጅም ከወትሮው በላይ ይበላል።

6. ብረት ከብረት ሲፋጭ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ይህ ከተሰማ ሸራው አልቋል ማለት ነውና መኪናውን መንዳት ማቆም ያስፈልጋል።

ሸራው ራሱ ይናገራል

ሸራ ሲቀየር አሮጌዎቹን ሁለት ሸራዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ከብዙ ምርመራ ይበልጣል። አዲስ ሸራ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ መቀየር ይገባል።

– ሁለቱም እኩል ከሳሱ ካሊፐሩ በደንብ ይንሸራተታል ማለት ነው።

– የውስጡ ሸራ አልቆ የውጭው ወፍራም ከሆነ ወይ ፒኖቹ ተይዘዋል፣ ወይ ፒስተኑ አልመለስ ብሏል።

– የውጭው ሸራ ይበልጥ ካለቀ ካሊፐሩ ከያዘ በኋላ ተንሸራቶ አልለቀቀም፤ እዚህም ፒኖቹ ይጠረጠራሉ።

– አንዱ ሸራ በአንድ ጫፉ ሳስቶ በሌላው ወፍራም ከሆነ (እንደ ሽብልቅ ከሆነ) ከሁለቱ ፒኖች አንዱ ብቻ ተይዟል፣ ወይም ሸራው በማቀፊያው ውስጥ ተጣብቋል።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ነገር አለ። ቸርኬው ቀዳዳ ካለው በቀዳዳው በኩል የምናየው የውጭውን ሸራ ነው። እርሱ ወፍራም ሆኖ ሳለ የውስጡ ጨርሶ ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ጎማ ሳይወልቅ ‹‹ሸራህ ገና ነው›› የሚል ምርመራ ሙሉ ምርመራ አይደለም።

ሥራው እንዴት ይከናወናል?

ከዚህ በታች ያለው ባለ መኪናው በሙሳክ ምን መሠራት እንዳለበት እንዲያውቅ፣ ሙያው ያለው ሰው ደግሞ ቅደም ተከተሉን እንዲያስታውስ የቀረበ ነው። ስለ ፍሬን ሥልጠና የሌለው ሰው ብቻውን ሊሞክረው አይገባም።

1. መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል፣ የማይነሱት ጎማዎች ድንጋይ ወይም ታኮ ይደረግባቸዋል። የጎማው ዳዶዎች መሬት ላይ እያለ ላላ ይደረጋሉ፣ ከዚያ በክሪክ ይነሳል። በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር ወይም አጠገብ መሥራት ክልክል ነው፤ ካቫሌቶ የግድ ነው።

2. በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ ይፈታል። ግራ የገባው ሰው ሌላኛውን ጎን እያየ መልሶ ይገጥማል።

3. የካሊፐሩ ቡሎኖች ተፈትተው ካሊፐሩ ይነሳል። በዘይት ቱቦው ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም፣ ቱቦው ከውስጥ ሊጎዳ ይችላል። በሽቦ ከላይ ይታሰራል።

4. ፒኖቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ። የላይኛውና የታችኛው ፒን አንዳንድ ጊዜ ይለያያሉ፤ አንዱ ጫፉ ላይ የጎማ ቀለበት ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የትኛው ከየት እንደወጣ ምልክት ይደረጋል።

5. አሮጌው ግራሶ በፍሬን ማጽጃ ከፒኑም ከቀዳዳውም ይጸዳል። ፒኑ ላይ ላዩን የያዘ ዝገት ከሆነ ይጠረጋል። የተቦረቦረ ወይም የጎበጠ ከሆነ ግን አዲስ ፒን ይገዛል። የተሰነጠቀ ጎሚኒም ይቀየራል። የፒንና የጎሚኒ ጥቅል ከሙሉ ካሊፐር ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

6. ፒኑ ለፍሬን ተብሎ በተሠራ፣ ሙቀት በሚችል ሲሊኮን ወይም ሲንተቲክ ግራሶ በስሱ ይቀባል። ለመሽከርከሪያ የሚደረገው ተራ ግራሶ አይሆንም፤ ከነዳጅ ዘይት የሚሠራ በመሆኑ የፍሬኑን ጎማ ያሳብጣል፣ ፒኑም እንደገና ይያዛል። ግራሶ ማብዛትም ጥሩ አይደለም፤ ቀዳዳውን ሞልቶ ፒኑ እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያደርጋል።

7. ማቀፊያው ላይ ሸራው የሚቀመጥበት ቦታ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል። የፍሬን ብናኝ ለሳንባ ጎጂ ነው፤ በተለይ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ስለነበረ በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር መንፋት አይገባም። በማጽጃ አርጥቦ መጥረግ ይሻላል።

8. አዲስ ሸራ የሚገባ ከሆነ ፒስተኑ ቀስ ተብሎ ወደ ውስጥ ይገፋል። በዚህ ጊዜ ከላይ ያለው የፍሬን ዘይት ዕቃ ሊሞላና ሊፈስ ስለሚችል መከታተል ያስፈልጋል። ዘይቱ ቀለም ያበላሻል። ከኋላ እግር ላይ ግን ጥንቃቄ ይደረግ፦ የእጅ ፍሬን በውስጡ ያለው ካሊፐር ብዙውን ጊዜ ፒስተኑ እየዞረ እንጂ እየተገፋ አይገባም፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የእጅ ፍሬን ያለው መኪና ደግሞ አስቀድሞ በኮምፒውተር ወደ ጥገና ሁኔታ መግባት አለበት።

9. የዲስኩ ውፍረት ይለካል። ትንሹ የሚፈቀደው ውፍረት ብዙ ጊዜ ዲስኩ ላይ ተቀርጾ ይገኛል። ከዚያ የሳሰ ዲስክ ከነጓደኛው ይቀየራል።

10. ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ካሊፐሩ በእጅ ሲገፋ ያለ ችግር መሄድና መመለስ አለበት። ቡሎኖቹ አምራቹ ባዘዘው ልክ ይጠብቃሉ።

11. መኪናው ከመነሳቱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይረገጣል። ይህን የረሳ ሰው የመጀመሪያውን ፍሬን ሲረግጥ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፣ መኪናውም አይቆምም።

የፍሬን ዘይት

የተያዘ ካሊፐርና ያረጀ ዘይት ሲገናኙ አደጋው ከፍ ይላል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውሃ ከሳበ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። የተያዘ ፍሬን ያለማቋረጥ ይግላል። ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ሲደርስ ዘይቱ ይፈላና በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ ፔዳሉ ለስልሶ ይገባል። በአገራችን ‹‹ፍሬን በጠሰ›› ሲባል የምንሰማው ነገር አንዱ መንገዱ ይህ ነው።

ይህ በሜዳማዋ ሃደራ ውስጥ ላይታይ ይችላል። ለስግድ በዓል ቤተሰብ ጭኖ ኢየሩሳሌም ወጥቶ በመንገድ 1 ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ወይም ከካርሜል ተራራ ወደ ሃይፋ ሲወርድ ግን ይታያል። መኪናው ሲሞላ ይከብዳል፣ ፍጥነት ሲጨምርም ፍሬኑ የሚሸከመው ጉልበት በእጥፍ ብቻ አያድግም። ከ50 ወደ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲደርስ ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ረጅም ቁልቁለት ላይ በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ፣ ዘይቱንም አምራቹ ባዘዘው ጊዜ (በብዙ መኪናዎች በየሁለት ዓመቱ) ማስቀየር ተገቢ ነው። የተጻፈለትን ዓይነት ብቻ መጠቀም ያስፈልጋል። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ዘይት ከዶት 3 ወይም ከዶት 4 ጋር አይደባለቅም።

ቴስት ማለፍ ይበቃል?

በዓመታዊው ቴስት ጊዜ መኪናው በሚዞሩ ሲሊንደሮች ላይ ቆሞ የግራና የቀኝ ጎማ የፍሬን ጉልበት ይለካል። ልዩነቱ ከበዛ ይታወቃል፤ ይህም የተያዘ ካሊፐርን ሊያጋልጥ ይችላል። ነገር ግን መሣሪያው የሚለካው የዚያን ቀን ጉልበት እንጂ በውስጥ በኩል ስንት ሚሊ ሜትር ሸራ እንደቀረ አይደለም። ቴስት ያለፈ መኪና ከሦስት ወር በኋላ ብረት ለብረት ሊፋጭ ይችላል። ቴስት የባለ መኪናውን ክትትል አይተካም።

ሙሳክ ሲሄዱ

በመጀመሪያ ሙሳኩ ከትራንስፖርት ሚኒስቴር ፈቃድ ያለው መሆኑን ይመልከቱ። ዋጋውን ከሥራው በፊት ይጠይቁ፣ ደረሰኝ በዝርዝር ይቀበሉ፣ አሮጌዎቹን ሸራዎች ያሳዩኝ ይበሉ። ዕብራይስጡ የሚቸግራቸው ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ቢሄዱ መልካም ነው። የሚከተሉት ቃላት ይጠቅማሉ፦

– ረፊዶት፦ የፍሬን ሸራ

– ጻላሖት ወይም ዲስኪም፦ ዲስኮች

– ፒኒም፦ ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች

– ጉሚዮት፦ ጎሚኒዎች

– ኖዜል ብላሚም፦ የፍሬን ዘይት

– ካሊፐር ታፉስ፦ የተያዘ ካሊፐር

– ሺፑጽ ካሊፐር፦ ካሊፐርን ፈትቶ ማደስ

ሸራ ሲያስቀይሩ ‹‹ለናኮት ቨለሻሜን ኤት ሃፒኒም›› ይበሉ፤ ፒኖቹን ማጽዳትና መቀባት ማለት ነው። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር የሁለተኛ ሸራ ዋጋ ልታተርፍ ትችላለች። ‹‹ካሊፐሩ በሙሉ ይቀየር›› ከተባሉ ደግሞ ምክንያቱን ይጠይቁ። ፒስተኑ ከዛገ ወይም ዘይት የሚያፈስ ከሆነ ማደስ ወይም መቀየር ተገቢ ነው። የደረቀው ፒን ብቻ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ማጽዳትና ጎሚኒ መቀየር ይበቃል።

መቼ ምን ይደረግ?

በየወሩ የፍሬን ዘይቱን መጠን ማየት፤ ከወትሮው ከቀነሰ ወይ ሸራው ሳስቷል ወይ ዘይት ይፈሳል። ከረጅም ጉዞ በኋላ የአራቱን ቸርኬዎች ሙቀት ማነጻጸር። ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ጎማ ወልቆ የውስጡም የውጭውም ሸራ እንዲታይና ፒኖቹ በእጅ እንዲፈተኑ ማድረግ፤ ከባሕር አጠገብ ለሚያድር መኪና ከክረምቱ ማብቂያ በኋላ ያለው ጊዜ ተስማሚ ነው። ሸራ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ ፒኖቹ ወጥተው ይጸዱ፣ ይቀቡ። ሸራ ሁልጊዜ በሁለቱም ጎን በአንድ ላይ ይቀየራል፤ አንድ ጎን ብቻ መቀየር መኪናው ወደ አንድ በኩል እንዲሳብ ያደርጋል።

ፒን ማጽዳት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነው። ባለመሠራቱ የሚጠፋው ግን ሸራው፣ ዲስኩ፣ አንዳንዴም ከዚያ የከበደ ነገር ነው። መልካም መንገድ!